ውኃው የት ይሂድ? ደቡብ ጎንደር ቤቱን ለክረምት ያሰናዳበት ታሪክ

በሐምሌ 1992 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በኢትዮጵያ ደጋ ሰማይ ላይ ግዙፍ የነጎድጓድ ደመና ተሰባሰበ። ከሥሩ ላለው ገበሬ ከሌላው የሐምሌ ዝናብ የተለየ አልነበረም። ደመናው ግን እዚያው በኖ አልቀረም። ወደ ምዕራብ ተነድቶ ሱዳንን ተሻገረ፣ የሳህልን ምድር አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ደረሰ፤ እዚያም ከሞቃቱ ባሕር ጉልበት አግኝቶ አልበርቶ የተባለ ሃሪኬን ሆነ። ለሦስት ሳምንት ያህል በውቅያኖሱ ላይ ሲዞር ከረመ። ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስሎችን ወደ ኋላ እየተከተሉ የአውሎ ነፋሱን መነሻ ሲፈልጉ የደረሱት ከእኛው ተራሮች ላይ ነው።

አልበርቶ ብቻውን አይደለም። አትላንቲክን ከሚያናውጡት ብርቱ ሃሪኬኖች 85 በመቶ የሚሆኑት የሚነሱት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዙ የአየር ሞገዶች ነው። ለእነዚህ ሞገዶች መነሻ ከሚሆኑት ቦታዎች መካከል ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋና የዳርፉር ተራሮች ይገኙበታል። የካሪቢያንና የአሜሪካ ሰው መስኮቱን በጣውላ የሚቸነክርበት ነፋስ፣ የደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ላይ ገና ነጎድጓድና በረዶ ሳለ የሚታወቅበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሃሪኬን ራሱ ደቡብ ጎንደር አይደርስም። ለመወለድ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያላነሰ ባሕር ይፈልጋል፤ የብስ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድ ላይ ሲያርፍ፣ ዝናቡ የኢትዮጵያን ሶማሌ ክልል አጥለቀለቀ እንጂ የጎንደርን ደጋ አላየውም። ይሁንና የውኃውን መጠን ብቻ ካየን ደብረ ታቦር ከሃሪኬን አገሮች የሚያንስ ሸክም የለባትም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሒውስተንን በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ያጥለቀለቀው ሃርቪ፣ ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በጥቂት ቀናት አወረደ። ደብረ ታቦር በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ አብዛኛውም የሚወርደው በሰኔና በመስከረም መካከል ነው።

ልዩነቱ አንድ ነው፦ ሃርቪ አንዴ መጥቶ ሄደ፤ ክረምት ግን በየዓመቱ ቀጠሮውን አክብሮ ይመጣል። ስለዚህ በዚህ አገር ቤትን ለማዕበል ማሰናዳት የማስጠንቀቂያ ደወል ሲሰማ የሚጀመር ሩጫ ሆኖ አያውቅም። በዓመቱ ሥራ ውስጥ የተሸመነ፣ ነገሥታት ሳይቀሩ የሚገዙለት ሥርዓት ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሥርዓት ታሪክ ይከተላል፤ በመንገዱም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመዋል። ከአንዱ ደጅ የተመለሰው ውኃ የት ሄደ?

ተራራውና ዝናቡ

የአካባቢው የዝናብ ታሪክ ከጉና ይጀምራል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ጫፉ ጓሳና ጅባራ የለበሰ አሮጌ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ከዚህ ደጋ ጋር ሲገናኝ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ርብና ጉማራ ውኃቸውን ከዚሁ ተራራ ተቀብለው በፋርጣ ቁልቁለት ይወርዱና የሊቦ ከምከምንና የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ደብረ ታቦር በመካከል፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች።

የዝናቡን ጠባይ አባቶች ከነክፍሉ ያውቁታል። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቁጥር ክረምቱን አንድ ጨለማ ወር አድርጎ አያየውም። መጀመሪያ ዘሩና ደመናው ይታሰባሉ፤ ከሐምሌ 19 ገደማ ጀምሮ ያለው ጊዜ የመብረቅና የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ነው፤ ነሐሴ ሲጋመስ ለቁራ ጫጩቶችና ለደሴቶች፣ ዓይኑን ወደ ፈጣሪ ለሚያነሣው ፍጥረት ሁሉ ይዘመራል፤ በነሐሴ መጨረሻ የንጋት ብርሃን ይመጣል። ይህ የዜማ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ምድሩ መቼ እንደሚጠግብ፣ ወንዝ መቼ እንደማይሻገሩት፣ ሰማዩ መቼ እንደሚለዝብ ለሚያርሰው ምእመን የሚነግር የዓመት ካርታም ነው።

ቤትን የሚያሰጋው ግን የክረምቱ እምብርት ብቻ አይደለም። ጣሪያ የሚገነጥለው ነፋስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀደም ብሎ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ መሬቱ ደርቆና ግሎ ሳለ ነው። ከረጅም ደመና የሚወርደው ዝናብና በረዶ አየሩን ድንገት ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ወደ ምድር ይወረወርና መሬት ሲመታ ወደ ጎን ይበተናል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የትምህርት ቤት ቆርቆሮ ተነሥቶ ማሳ ላይ ሲያርፍ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ግንቦት ነፋሱን፣ ሐምሌ መብረቁንና በረዶውን፣ ነሐሴ ጎርፉን ይዞ ይመጣል። ቤቱም ለሦስቱም በየተራ መሰናዳት አለበት።

ክረምት ያቆማት ከተማ

ደብረ ታቦር ራሷ የክረምት ዝግጅት ውጤት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት በጋውን ከድንኳን ድንኳን ይዞሩ ነበር፤ ዝናቡ ሲገባ ግን ጦሩ ከአንድ ቦታ ማረፍ ነበረበት። ወንዝ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ በቅሎ መራመድ አቅቷት ዘመቻ የለም። ዓፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ከእንፍራዝ አጠገብ በጉዛራ ያሠሩት የድንጋይ ግንብ የዚህ ልማድ ምስክር ነው። የንጉሡ የክረምት ማረፊያ ከድንኳን ወደ ድንጋይ ተሸጋገረ፤ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ዓፄ ፋሲል ጎንደርን ቋሚ መናገሻ ሲያደርጉ ያው አካሄድ ፍጻሜውን አገኘ።

የየጁው ራስ ጉግሣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ሲያደርጉ ቦታው የሚያቀርበው ብዙ ነገር ነበር። ከጎንደር ወደ ላስታና ወደ ወሎ የሚወጣው መንገድ በዚያ ያልፋል፤ የፎገራ እህልና ከብት ከሥሩ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጣና ዳር ንዳድና ረግረግ ከፍ ያለ ነው። ከፍታው በሽታን ለመሸሽ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ1858 ዓ.ም. ክረምት ታየ። ከጣና ዳር በሰፈረው ሠራዊት ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ዓፄ ቴዎድሮስ ጦራቸውን ወደ ደብረ ታቦር ደጋ አወጡ።

የዘመኑ ጦርነቶች ቀን የክረምቱን ሥልጣን ያሳያል። ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ የተዋጉት በ1834 ዓ.ም. በጋ ነው። ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መግቢያ፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ በጋይንት ዳገት ለመጎተት ደረቅ መሬት ያስፈልጋል። ሲነሡም ከተማዋን አቃጠሏት። የሣር ክዳን ከተማ በአንድ ቀን አመድ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ሣሩና እንጨቱ እስካለ ድረስ እንደገና ይቆማል። ደብረ ታቦርም ቆመች። ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ መቀመጫቸው አድርገዋት የእንግሊዙን ጄኔራል ጎርደንን እዚያ የተቀበሉት በ1872 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር፤ ያም እንግዳ መንገድ የሚሻገርበት፣ ወንዝ የሚጎድልበት ወር ነው።

ከስድሳ ዓመት በኋላ ዘመናዊ ጦርም ለዚሁ ሕግ ተገዛ። በደብረ ታቦር የነበረው የጣልያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ እጁን ሰጠ። ጎንደር ግን ዝናቡ እስኪያባራ ተጠብቆ፣ ከቁልቋል በር ውጊያ በኋላ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው የተያዘው። የጭነት መኪናና አውሮፕላን የያዘው ሠራዊት በቅሎ የያዘው የቀደመው ጦር ያደረገውን አደረገ፤ ከረመ።

የሣር ክዳን ጥበብ

ነገሥታቱ ሲከርሙ ሕዝቡ ምን ያደርግ ነበር? የፋርጣና የጋይንት ገበሬ የክረምት ዝግጅት የሚጀምረው ክረምቱ ሲያልቅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሰንበሌጡ ደርቆ ሳይሰባበር ይታጨዳል፤ ወደ ጉና የሚቀርበው ደግሞ ጓሳ ያጭዳል። ሣሩ ታስሮ ይከመርና በበጋው መካከል፣ መኸር ተወቅቶ ጉልበት ሲተርፍ፣ ቤት ይከደናል።

ቤቱ ክብ ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ ዙሪያውን ቋሚ ይተከልና በማገር ይታሰራል፤ በላዩ ወጋግራው ከየአቅጣጫው ወደ ምሰሶው ይሰበሰባል። ክብ መሆኑ ለነፋስ መልካም ነው፤ ነፋሱ የሚገፋው ሰፊ ግድግዳ፣ የሚይዘው ማዕዘን አያገኝም። ሾጣጣው ጣሪያ ውኃውን ሳያቆይ ያወርዳል። ሣሩ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል፤ ላይኛው የታችኛውን ማሰሪያ ይሸፍናል። ሁሉም መስመር የሚያበቃበት ጫፍ ዋናው የማፍሰሻ ስጋት ስለሆነ እዚያ ላይ ጉልላት ይደፋል። የድሃው ቤት ጉልላት አሮጌ ገንቦ ወይም እንስራ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ያው ነው፣ የምሰሶውን ራስ ከዝናብ መጠበቅ።

በረዶ ሲወርድ ሣር ድምፁን ይውጠዋል፤ ተመትቶም ይለዝባል እንጂ አይበሳም። ጠላቱ መበስበስና ምስጥ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ምድጃው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ከውስጥ የሚነሣው ጢስ ሣሩን ከሥር ያደርቀዋል፣ ነፍሳትን ያባርራል፣ ወጋግራውን በጥቀርሻ ይለብጠዋል። ሰው የሚኖርበት ቤት ክዳን ሰው ከለቀቀው ቤት ክዳን ይልቅ ዕድሜው የሚረዝመው ለዚህ ነው። ዋጋውን የከፈለችው ግን ዓይኗና ሳንባዋ በጢስ ሲጎዱባት የኖረችው የቤቱ እመቤት ናት፤ የጎጆን ጥበብ ስናወድስ ይህን መዝለል አይገባም።

ግድግዳው በሌላ ሥርዓት ይሰናዳል። አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ቀናት አድሮ ሲበስል ይመረጋል። የቀደመው ዓመት ዶፍ ያፈረፈረው ቦታ፣ በተለይም የጠፈጠፉ ፍንጥቅጣቂ የሚመታው የታችኛው ክፍል፣ ግንቦት ሳያልቅ እንደገና ይለሰናል። ጎታው በእበት ተለቅልቆ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በበጋ የተጠፈጠፈው ኩበት ተቆልሎ ይሸፈናል ወይም ወደ ቤት ይገባል፤ እንጨቱ ተፈልጦ ይደረደራል። ሽሮውና በርበሬው ወንዝ ሳይሞላ ተዘጋጅቶ ያልቃል፣ ጨው ይሸመታል። እረኛው ገሳውን ያሰናዳል። የክረምት ቤት ማለት ለሦስት ወር ከገበያና ከጎረቤት መንደር ሊቆረጥ የሚችል ቤት ነውና።

ክዳን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሣር የሚያቀብል፣ የሚያስር፣ ከላይ ሆኖ የሚከድን ያስፈልጋል፤ ሁሉም በደቦ ይመጣል። ጠላውና እንጀራው የባለቤቱ ነው፤ ጉልበቱ የሰፈሩ። ባሏ የሞተባት ሴትና አቅመ ደካማ ቤታቸው ሳይከደን ክረምቱ እንዳይገባባቸው ማድረግ የጎረቤት ግዴታ ተደርጎ ይታይ ነበር። የቆሎ ተማሪም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማረው ተማሪ ለጎጆው ሣር የሚያገኘው ከሕዝቡ ነው።

ቤተ ልሔም የክዳንን ነገር ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚያሳይ ቦታ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው እንደ ሌላው ሁሉ ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከውስጥ ግን በመካከለኛው ዘመን በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። እየተከደነ የሚታደስ ሣር የማይታደሰውን ድንጋይ ሲጠብቅ ኖሯል። የአካባቢው ሰው የጥበቃ እሳቤ ይኸው ነው፤ ሊጠፋ የሚችለውን ከላይ አድርግ፣ በየጊዜው ለውጠው፣ ከሥሩ ያለው ይኖራል።

ፈሰስ

ጣሪያው ከተከደነ በኋላ የቀረው ውኃ የመሬቱ ነው፤ የዚህ ታሪክ ጭቅጭቅ ያለውም እዚህ ነው። ደጋ ላይ ቤት የሚሠራው ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ደጅ እንዳይገባ ከቤቱ ጀርባ በቅስት ቦይ ይቆፈራል። ማሳውም እንዲሁ ነው። ጤፍ ወይም ሌላ ሰብል ሲዘራ ገበሬው ማሳውን አግድም እየሰነጠቀ በማረሻው ጠለቅ ያለ መስመር ያወጣል፤ ፈሰስ ይሉታል። የተረፈውን ውኃ ሰብስቦ ከማሳው ያስወጣል፣ ዘሩ ከመታጠብና ከመታፈን ይድናል። ገበሬው አማራጭ የለውም፤ በሐምሌ የጠገበ አፈር ላይ የሚወርደው ዶፍ መግቢያ ሲያጣ ዘሩን ይዞት ይሄዳል።

ፈሰሱ ሲያልቅ ግን ውኃው አያልቅም። አንዱ ማሳ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ እግር መንገዱ፣ እግር መንገዱ ወደ ሦስተኛው ሰው ግቢ ይለቀዋል። በጉማራ ተፋሰስ፣ በዋንዛዬ አካባቢ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች ያዩትም ይህንኑ ነው፦ ፈሰስ የበዛበት ተዳፋት ሥር ቦረቦር በቀላሉ ይከፈታል፤ የላይኛውና የታችኛው ባለ መሬትም ይጋጫል። ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው የክረምት ክስ ብዙውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው። ከሳሽ ውኃ ለቀቀብኝ ይላል፤ ተከሳሽ ደግሞ ታዲያ የት ላድርሰው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ የቆየው መልስ ስምምነት ነበር። ውኃው የሚወርድበት መሄጃ በጋራ ይታወቃል፤ ሣር የለበሰ ሆኖ ሳይታረስ ይተዋል፤ ያን የሚያርስ ሰው ይወቀሳል። የሰው ቁጥር ሲጨምርና መሬቱ ሲጠብ ግን መጀመሪያ የታረሰው ይኸው ባለቤት የሌለው ሣራማ ውኃ መውረጃ ሆነ። ተዳፋቱን በቁጥቋጦና በሣር የሚይዘው ዳርቻም ተመነጠረ። ቦዩ እየጠለቀ፣ መሄጃው እየጠበበ፣ ቦረቦሩ እየሰፋ ሄደ።

ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ

በ20ኛው መቶ ዘመን ቤቱ ራሱ ተለወጠ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ቆርቆሮ ከቤተ መንግሥትና ከመሳፍንት ግቢ ወጥቶ ወደ ነጋዴው ቤት ወረደ። ደብረ ታቦርና ዙሪያዋ ቆርቆሮ በስፋት የለበሱት ግን መኪና በቀላሉ ሲገባ ነው። ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ በከተማዋ አልፎ ጋይንትን ሲሻገር የቆርቆሮ እሽግም አብሮ ወጣ።

ሌላው አብሮት የመጣ ባሕር ዛፍ ነው። ወይራውና ጥዱ ባለቀበት አገር ቶሎ የሚደርስ ቀጥ ያለ ግንድ ሰጠ። ቀጥ ያለ ግንድና ረጅም ቆርቆሮ ሲገናኙ ክቡ ጎጆ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ሆነ። ጥቅሙን ማንም አይክደውም። ቆርቆሮ በየጥቂት ዓመቱ ሣር ፍለጋ አያስወጣም፤ የግጦሽ መሬት ታርሶ ሰንበሌጥ በጠፋበት ዘመን ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። እሳት በቀላሉ አይበላውም። አሸንዳ ከተሰቀለለት ንጹሕ ውኃ ወደ በርሜል ያወርዳል፤ ውኃ ለመቅዳት ከወንዝ የምትመላለሰውን ልጅ ያሳርፋል።

ግን ስጋቱም ተለወጠ። ሣር ለዝናቡ ሲታደስ ይኖር ነበር፤ ቆርቆሮ ደግሞ በነፋስ ይፈተናል። የነፋስ ጉልበት ጣሪያውን ከላይ ወደ ታች ብቻ አይጫነውም። በላዩ ፈጥኖ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በተከፈተ በርና መስኮት የገባው አየር ደግሞ ከሥር ይገፋዋል። ስለዚህ የቆርቆሮ ቤት ደካማ ቦታ ጫፉና ማዕዘኑ ነው። ከግድግዳው ብዙ የወጣ ክፈፍ ጭቃውን ከጠፈጠፍ ይጠብቃል፤ ለነፋሱ ግን እጀታ ይሰጠዋል። ብዙ ቤት ላይ የሚታየው ድንጋይ ነፋሱ ሲበረታ አብሮ ይወርዳል፣ የሚጎዳውም ከሥር የቆመውን ነው። የሚበጀው ቆርቆሮውን ከማገሩ፣ ማገሩን ከወራጁ፣ ወራጁን ከግድግዳው ቋሚ፣ ቋሚውን ከመሬት የሚያያይዝ ሰንሰለት ነው፤ ምስማሩ በጫፍ አካባቢ መብዛት፣ እንጨቱ በሽቦ መታሰር አለበት። የጥንቱ ከዳኝ ማሰሪያውን ሁሉ በልጥና በገመድ ሲቋጥር ይህንኑ ያደርግ ነበር። ምስማር ሲመጣ ቋጠሮው ተረሳ።

ሌላም ነገር ተረሳ። ሣር ዝናቡን ያቀዘቅዘዋል፤ ጠብታው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቆርቆሮ የተቀበለውን ወዲያው ይተፋል። ሰፈር ሙሉ ቆርቆሮ ሲሆንና ግቢው በሲሚንቶ ሲለበስ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ይገናኛል። ደብረ ታቦር የተቀመጠችው ዳገት ላይ ነው፤ የላይኛው ሰፈር አሸንዳ የታችኛው ሰፈር ጎርፍ ይሆናል። ቆርቆሮ ለመምታት ደቦ አያስፈልግም፤ አናጢ ይበቃል። ቤቱ የግል ሆነ፤ ውኃው ግን እንደ ድሮው የጋራ እንደሆነ ቀረ።

የመጨረሻው ደጅ፦ ፎገራ

ከጉና እስከ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ያለው ቦይ ሁሉ የሚፈስሰው ፎገራ ላይ ነው። ሜዳው ጣና ዳር የተነጠፈ ጥቁር አፈር ነው። ቀድሞ የከብት አገር ነበር፤ የፎገራ ላም ስሟ የወጣው በዚሁ ረግረግ ግጦሽ ነው። በክረምት ውኃው ሲመጣ ሰውና ከብት ወደ ከፍታ ይወጣል፣ ሲጎድል ይመለሳል። ጎርፉ ያስቸግራል፣ ደለሉ ደግሞ ይመግባል።

በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እዚያ ሩዝ አስለመዱ። ውኃ ላይ መቆም የሚወድ እህል ሲገኝ ጎርፉ ከጠላትነት ወደ አራሽነት ተዛወረ። ዛሬ ፎገራ የአገሪቱ የሩዝ ማዕከል ነው፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው ወረታ ነው። ለማዕበል መሰናዳት ማለት ሁልጊዜ ውኃን ማባረር እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በአካባቢው የለም። ይሁን እንጂ ሩዙ ሰውን ሜዳው ላይ አከማቸው። በክረምት የሚለቀቀው መሬት ዓመት ሙሉ የሚኖርበት ሆነ፤ ጎታውም፣ ክምሩም፣ ቆርቆሮ ቤቱም ከርብና ከጉማራ ዳር ቆመ።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዞቹ ከአፋቸው ወጡ። ፎገራና ሊቦ ከምከም ተጥለቀለቁ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ፣ ሰብልና ከብት ጠፋ። ያ ክረምት በመላ አገሪቱ መራራ ነበር፤ በድሬዳዋ በአንድ ሌሊት የመጣ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፣ የኦሞ ወንዝም በዚያው ክረምት ሞልቶ ብዙ ሕይወት አጠፋ። በፎገራ ጉዳይ ግን የዝናቡ ብዛት ብቻውን ምክንያት አይደለም። ከደጋው የሚታጠበው አፈር ሜዳው ላይ ሲደርስ ወንዙ ጉልበቱ ይደክምና ደለሉን እዚያው ይጥላል። የጉማራ ወለል ባለፈው ግማሽ መቶ ዘመን በታችኛው ክፍሉ ከፍ ማለቱን ጥናቶች አሳይተዋል። ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ ቀድሞ የሚችለውን ውኃ ዛሬ አይችልም። ገበሬው ዳሩን በአፈር ይገድባል፤ የተገደበው በአንድ በኩል ሲይዝ በሌላ በኩል ይሰብራል። የጉና ማሳ ፈሰስ የፎገራን ቤት የሚያፈርሰው በዚህ መንገድ ነው።

በርብ ላይ የተሠራው ግድብ የላይኛውን ጎርፍ በከፊል ይዞ ለመስኖ ያውላል። ከግድቡ በታች የሚገቡ ጅረቶችና ግድብ የሌለባት ጉማራ ግን አሁንም በክረምቱ እጅ ናቸው። ውኃው ሲሸሽም ሥራው አያልቅም፤ ከመስከረም ወዲያ ኩሬው የወባ ትንኝ ይፈለፍላል፤ ስለዚህ በፎገራ የአልጋ አጎበር እንደ ክዳኑ ሁሉ የቤት ዝግጅት አካል ነው።

ማስጠንቀቂያው ከማን ነው?

ቀድሞ ምልክቱን የሚያነብበው የአገሬው ሰው ነው፤ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የጉናን ራስ የሸፈነውን ደመና፣ የወንዙን ድምፅና ቀለም። በረዶን ደግሞ ከሥነ ምግባር ጋር ያያይዘው ነበር። በዓል የሚሽር ሰው በሰፈሩ ሁሉ ላይ በረዶ ያመጣል ተብሎ ይገሠጻል፤ በረዶ ይመልሳል የሚባል ደብተራም እህል ይሰፈርለታል። ዛሬ ይህን በአጉል እምነትነት ማለፍ ቀላል ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከሥሩ ያለው አሳብ ነው፤ የአንዱ ጥፋት የሁሉንም ማሳ ይመታል ይላል። ስለ በረዶ ስሕተት ነው፤ ስለ ጎርፍ ግን ትክክል ነው።

መንግሥታዊው ትንበያ የመጣው ዘግይቶ ነው። የብሔራዊ ሜትዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከክረምቱ በፊት ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ወይም በታች እንደሚሆን ይተነብያል፤ ትንበያው በሬዲዮና በግብርና ባለሙያ በኩል ቀበሌ ይደርሳል። ለዘር ምርጫ ይረዳል። ለቤት ግን የሚያስፈልገው ዛሬ ማታ ጉና ላይ የዘነበው ነገ ጠዋት የፎገራዋ ናበጋ ሲደርስ ምን ያህል ይሆናል የሚለው ነው። ላይኛው ቀበሌ ለታችኛው ስልክ ቢደውል ወንዙ ከሚደርስበት ቀድሞ ወሬው ይደርሳል፤ ከብትና እህል ለማውጣት ያ ሰዓት ይበቃል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የተከሰተው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ቀበረ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበረ ጎረቤታቸውን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ጎረቤት ለጎረቤት የሚደርስበት ባህል በአገሪቱ ሙሉ ነው። የሚጎድለው ያ ጉልበት ከአደጋው በፊት የሚሰበሰብበት ቀጠሮ ነው።

ከደቦ የቀረው

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ ለዚህ ቀጠሮ ቅርብ ነው። እርከኑ ውኃውን በየደረጃው ያቆመዋል፣ ቦረቦሩ ላይ የሚነባበረው ድንጋይ አፈሩን ይይዛል፤ በደንብ በተያዘበት ቦታ ሥሩ ያለው ምንጭ ሲመለስ ታይቷል። ድክመቱም ይታወቃል። በኮታ የተሠራ እርከን በመጀመሪያው ዶፍ ይናዳል፤ የተናደ እርከን ደግሞ የያዘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቅቃል። የራስ ቤት ክዳን ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ የለም።

የአካባቢው ታሪክ የሚያስተምረው ይህን ይመስለኛል። ደቡብ ጎንደር ጣሪያ የመሥራት ችግር ኖሮበት አያውቅም። ሣሩንም ቆርቆሮውንም በሚገባ ተክኖበታል። እየላላ የሄደው ከጣሪያው የወረደው ውኃ የት እንደሚሄድ በጋራ የመወሰን ልማድ ነው። ስለዚህ ግንቦት ሲገባ ምስማሩን ማጥበቅ፣ ወራጁን በሽቦ ማሰር፣ ምርጊቱን መለሰን፣ ቦዩን መጥረግ፣ እህሉን ከፍ ማድረግ የየቤቱ ሥራ ይሁን። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን የየቤቱ አይደለም። የላይኛውና የታችኛው ባለ መሬት ክረምቱ ሳይገባ ማሳው ላይ ቆመው መሄጃውን ይለዩ፣ ሣር ያልብሱት፣ ማንም እንዳያርሰው ይስማሙ። ለሞት የሚሰበሰበው ዕድር በሰኔ አንድ ቀን ለቦይ ቢሰበሰብ ወጪው ከአንድ ድንኳን ኪራይ አይበልጥም። የከተማው ማዘጋጃ ቤትም የቤት ፈቃድ ሲሰጥ ጣሪያው ምን ያህል ውኃ እንደሚያወርድና ወዴት እንደሚለቀው ይጠይቅ።

ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ስሟን የምትጋራውን በዓል ስታከብር፣ ጅራፍ ሲጮኽና ችቦ ሲበራ፣ ከቡሄ ወዲያ ክረምት የለም ይባላል። ለደጋው እውነት ይመስላል። ፎገራ ላይ ግን ወንዙ ገና የሚሞላበት ሳምንት ነው። በበዓሉ ቀን ደጋው ክረምቱ አለፈ ከማለቱ በፊት ከሥሩ ያለውን ሜዳ መጠየቅ የለመደ ዕለት፣ የቤት ዝግጅቱ ተሟላ ማለት ይቻላል።